በፍል ውሃው ተራራ የጐልፍ ሜዳ

ውድ አንባቢ፤ የገና በዓል ሲቃረብ የባላገር ልጆች የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ከብት ከሚጠብቁበት ዱር ገብተው ጫፉ የተቈለመመ እንጨት ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ቈርጠው፥ ልጠው፥ በእሳት ለብ ለብ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ሩሯን ሲያሳድዱ ይውላሉ። ለዚህ ጨዋታ ማንም ገንዘብ አይከፍልም። በዚያ ቀን ጌታ እንኳ በሎሌው ምት ቅር አይሰኝም ይባላል።

ዛሬ የማወጋዎ ስለ ሌላ የዱላና የኳስ ጨዋታ ነው፤ ስሙ ጐልፍ ይባላል። በጐልፍ ሜዳ ላይ ብዙ ዘመን የኖረው ሥርዐት ግን የገናን አይመስልም፤ ጌታው ይመታል፥ ሎሌው ደግሞ የጌታውን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ይከተላል። ይህን ተሸካሚ ካዲ ይሉታል። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ስለ ጐልፍ ማንበብ የጀመርሁትም ስለ ጨዋታው ብዬ ሳይሆን ስለ አንድ ካዲ ታሪክ ብዬ ነው። ያ ታሪክ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር በአንድ ተራራ ላይ ስለሆነ፥ እስቲ በሐሳብ ወደዚያ አብረን እንሂድና ሜዳውን እንጫወተው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሆቴሉ ደጃፍ

መነሻችን የዋሽንግተን ከተማ ትሁን፤ በዚያና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ ከአንባቢዎቼ መካከል መንገዱን በእውነት ሊሄዱበት የሚችሉ አይጠፉም። ወደ ደቡብ ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል በመኪና ሲጓዙ በቨርጂንያ ግዛት ከአሌጌኒ ተራሮች ይደርሳሉ። በተራሮቹ መካከል ሆት ስፕሪንግስ የምትባል አነስተኛ መንደር አለች፤ የስሟም ትርጕም ፍል ውሃዎች ማለት ነው። ከመንደሪቱ በላይ ቀይ የሸክላ ግንብና ከፍ ያለ ሰገነት ያለው ትልቅ ሕንፃ ይታያል። ይህ ሆምስቴድ የተባለው ሆቴል ነው።

እኛ ለቍርጥማት ወደ ፍል ውሃ እንደምንወርድ ሁሉ አሜሪካኖችም ወደዚህ ሸለቆ መምጣት የጀመሩት ለሕመማቸው ፈውስ ፍለጋ ነው። በሥፍራው የመጀመሪያው የእንግዳ ማረፊያ የተሠራው በ1766 ሲሆን፥ ይህም አሜሪካ ራሷን የቻለች አገር ከመሆኗ ዐሥር ዓመት በፊት ነው። የነጻነት መግለጫውን የጻፉት ቶማስ ጀፈርሰን በ1818 መጥተው፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው የዋርም ስፕሪንግስ ፍል ውሃ ለቍርጥማታቸው ብዙ ቀን ተነክረዋል። መጀመሪያ ውሃውን አመሰገኑት፤ ኋላ ግን ሰውነታቸው በእባጭ ተመትቶ ከመጡበት ይልቅ ታመው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የባቡር ሐዲድ ባለቤቶች ሥፍራውን ገዙት። በ1890ዎቹ መጀመሪያም ሐዲዱ ወደ መንደሪቱ ሲደርስ ከሕሙማን ይልቅ ባለጸጎች ይጐርፉ ጀመር። ባለጸጋ ደግሞ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ብቻ አይውልም፤ ጨዋታ ይፈልጋል። ስለዚህ በ1892 ከሆቴሉ ደጃፍ ስድስት ጕድጓድ ያለው የጐልፍ ሜዳ ተሠራ። ይህ የሆነው የአሜሪካ የጐልፍ ማኅበር ከመመሥረቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ያ ሥፍራ እስከ ዛሬ አልተዘዋወረም፤ በአሜሪካ ሳይቋረጥ ሲሠራበት ከኖረው የጐልፍ መነሻ ሁሉ የሚበልጠው በዕድሜ ይህ ነው ይባላል።

እንግዲህ እርስዎም የሚቆሙት እዚያው ላይ ነው። ዊልያም ታፍት በ1908 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ እዚህ ተቀምጠው ጐልፍ ይጫወቱ ነበር። ወዳጃቸው ቴዎዶር ሩዝቬልት ግን ሕዝቡ ጐልፍን የባለጸጋ ጨዋታ አድርጎ ስለሚያየው ዱላ ይዘው ፎቶግራፍ እንዳይነሡ መክረዋቸዋል። ዉድሮው ዊልሰንም በ1915 መጨረሻ ከአዲሲቱ ባለቤታቸው ጋራ የጫጕላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በዚሁ ሆቴል ነው።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ጐልፍን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። አንድ ጕድጓድ ሲባል ኳሷ ከምትመታበት መነሻ ጀምሮ እስከምትገባበት ቀዳዳ ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ነው፤ ይህም ከመቶ ሜትር ጥቂት ከፍ ከሚል አንሥቶ እስከ አምስት መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሣር እንደ ምንጣፍ የተላጨ ነው፤ ግሪን ይባላል። ሙሉ ሜዳ 18 ጕድጓድ አለው። ለእያንዳንዱም ጐበዝ ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የተመደበ የምት ልክ አለ፤ እርሱን ፓር ይሉታል። ያሸንፋል የሚባለው ብዙ የመታ ሳይሆን በጥቂት ምት የጨረሰ ነው። ተጫዋቹ በቦርሳው እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቀድለታል፤ አንዱ ለሩቅ፥ አንዱ ለቅርብ፥ አንዱ ከአሸዋ ለማውጣት፥ አንዱ በግሪኑ ላይ ቀስ አድርጎ ለመንዳት ያገለግላል።

የሆምስቴድ አሮጌ ሜዳ ዛሬ 18 ጕድጓድ ያለው ሲሆን አከፋፈሉ ያልተለመደ ነው፤ ስድስቱ ፓራቸው ሦስት፥ ስድስቱ አራት፥ ስድስቱ አምስት ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ የሚገኘውንና ካስኬድስ የተባለውን ሌላ ሜዳ ዊልያም ፍሊን የተባለ የሜዳ ነዳፊ በ1923 ሠራው። ጐልፍ አዋቂዎች ስለ አሜሪካ የተራራ ሜዳዎች ሲያወሩ ከፊት የሚጠሩት ይህንን ነው።

ተራራው ዐይን ያታልላል

አሁን ዱላዎን ይያዙ። የተራራ ጐልፍ ከሜዳ ጐልፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እግርዎ የቆመበት መሬት እኩል አይደለም። ቀኝ እጅ መቺ ከሆኑና ኳሷ ከእግርዎ በላይ ባለው ዳገት ላይ ካረፈች፥ ስትመቷት ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ከእግርዎ በታች ካረፈች ደግሞ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ስለዚህ ዓላማዎን ወደ ሌላ ወገን አዙረው መምታት አለብዎ። ይህ ለጀማሪ እጅግ ያስቸግራል፤ ሰው የሚፈልገውን እያየ ወደማይፈልገው ማነጣጠር አይቀናውምና።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ግሪኑ ከታች በሸለቆው ውስጥ ሲሆን ኳሷ እየወረደች ብዙ ስለምትርቅ አጠር ያለ ዱላ ይበቃል፤ ግሪኑ ከላይ ሲሆን ደግሞ ረጅሙን መያዝ ያስፈልጋል። አየሩም የራሱን ድርሻ ያደርጋል። ሆት ስፕሪንግስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 700 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ሦስት እጥፍ ያልፋል። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ኳስን እምብዛም አይዝም፤ በዚሁም ምክንያት በአንድ ዓይነት ጕልበት የተመታች ኳስ በአዲስ አበባ ከሆት ስፕሪንግስ ይልቅ አብልጣ ትሄዳለች።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ግሪኑ ላይ ደርሰው ኳስዎ ከቀዳዳው አራት እርምጃ ቀርቷታል እንበል። ያዩታል፤ መሬቱ ወደ ግራ ያዘቀዘቀ ይመስልዎታል። ይመቷታል፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች! ምን ሆነ? በዙሪያዎ ያሉት ተራሮች ሁሉ ስላዘነበሉ ዐይንዎ እውነተኛውን ልክ አጥቷል። ትልቁ ተራራ በየት በኩል እንደሆነ ካላወቁ በቀር ግሪኑን ማንበብ አይችሉም፤ ኳስ ባመዛኙ ከተራራው ትሸሻለች እንጂ ወደ ተራራው አትሄድምና።

ካስኬድስ ይህን ሁሉ አሳልፎ መጨረሻ ላይ ሌላ ፈተና ያቀርባል። የብዙ ሜዳዎች የመጨረሻ ጕድጓድ ረጅም ሲሆን፥ የዚህ 18ኛው ግን ፓሩ ሦስት ብቻ ነው፤ በመነሻውና በግሪኑ መካከል ኩሬ ተኝቷል። ቀኑን ሙሉ በደንብ የተጫወተ ሰው በአንዲት ምት ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ታዲያ እንግዳው ባለጸጋ ከኒው ዮርክ በባቡር መጥቶ ይህን ሁሉ በምን ያውቀዋል? አያውቀውም። የሚያውቀው ቦርሳውን የሚሸከመው የመንደሩ ልጅ ነው። ጌታው ኳሷን የሚመታት ልጁ በጣቱ ወዳመለከተው ወገን ነው፤ ኳሷ ስትገባም ጭብጨባው ለጌታው ነው።

ባዶ እግሩን የመጣው ልጅ

ሳም ስኒድ በግንቦት 27 ቀን 1912 አሽዉድ በምትባል በሆት ስፕሪንግስ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደ። አባቱ በሆቴሉ የኃይል ማመንጫ ቤት ይሠሩ ነበር። ልጁ ቦርሳ መሸከም የጀመረው በሰባት ዓመቱ ነው ይባላል። ዱላ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ የገና ልጆች የሚያደርጉትን አደረገ፤ ዱር ገብቶ ጫፉ ጕብ ያለበትን የዛፍ ቅርንጫፍ ቈረጠ፤ በእጁ ለሚይዘው በኩል ልጡን ተወለት፤ በዚያም ጠጠርና ያገኘውን ሁሉ ይመታ ጀመር። ባዶ እግሩን መጫወት ስለለመደ ታዋቂ ከሆነ በኋላ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ጫማውን አውልቆ ይለማመድ ነበር።

ማንም መምህር ተቀጥሮ አላስተማረውም። ቦርሳ ተሸክሞ እየተከተለ የመቺዎቹን እጅና ትከሻ ይመለከት ነበር፤ መልካሙን ይይዛል፥ ክፉውን ይተዋል። በትምህርት ቤት ቋንቋ ብናገር በመስኮት በኩል ቆሞ የተማረ ልጅ ነው። ካደገ በኋላ በዚያው ተራራ ላይ ረዳት አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1934 የሙያ ተጫዋች ተባለ፤ ጥቂት ቈይቶም ወደ ታላላቆቹ ውድድሮች ወጣ። ዱላ አወዛወዙ ከሁሉ ያማረ ነው እየተባለ ለብዙ ዓመታት ተደነቀ።

የሠራው ሥራ በአጭሩ ይህ ነው። በአሜሪካ የሙያ ተጫዋቾች ውድድር 82 ጊዜ አሸንፏል። ከታላላቆቹ ዋንጫዎች ሰባት ወስዷል፤ ከእነርሱም አንዱን በ1946 የጐልፍ አገር ከሆነችው ከስኮትላንድ፥ ከሴንት አንድሩስ ሜዳ አምጥቷል። በ1965 በግሪንስቦሮ ሲያሸንፍ ዕድሜው 52 ዓመት ነበር፤ በዚያ ውድድር ከእርሱ በሚበልጥ ዕድሜ ያሸነፈ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዘመኑን ሲጨርስም የሞተው በግንቦት 2002 እዚያው በሆት ስፕሪንግስ ነው።

ነገር ግን ሁሉ ተሟላለት ማለት አይደለም። የአሜሪካን ብሔራዊ ዋንጫ ከቶ አላገኘም፤ አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የ1939ኙ ነው። በፊላዴልፊያ ከመጨረሻው ጕድጓድ ሲደርስ በአምስት ምት ቢጨርስ አሸናፊ ነበር፤ ፓሩም አምስት ነበር። በሜዳው ላይ የተፎካካሪዎቹን ውጤት የሚያሳይ ሰሌዳ ስላልነበረ ግን በአራት መጨረስ ያለበት መሰለው። ስለዚህ ያልተፈለገ ድፍረት አደረገ፤ ኳሷ አሸዋ ውስጥ ገባች፤ ከአንዱ አሸዋ ወጥታ ሌላ አሸዋ ገባች፤ በስምንት ምት ጨረሰ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ወዲያው ግን ዝም ይላሉ፤ ጥያቄውን በትክክል ሳያነብ መልስ የጻፈ ሁሉ ነገሩ ገብቶታልና።

የተዘጋው በር

ውድ አንባቢ፤ ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለን ነበር፤ ድኻው ልጅ ቦርሳውን አስቀምጦ ዱላውን አነሣ፥ የጌቶቹንም ጨዋታ ወሰደ ማለት ይቻል ነበር። ግን የቀረ ነገር አለ።

በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በብዙ የጐልፍ ሜዳ ቦርሳ የሚሸከሙት ጥቁር ልጆች ነበሩ። እነርሱም ግሪን ማንበብ ያውቃሉ፤ እነርሱም ዱላ ከዱር ቈርጠዋል። በዚያ ዘመን የቨርጂንያ ሕግ ጥቁሩን ከነጩ በትምህርት ቤትና በባቡር ይለይ ነበር። በጐልፍም ሌላ በር ተዘጋ፤ ስኒድ የሙያ ተጫዋች በሆነበት በዚያው በ1934 የአሜሪካ የሙያ ጐልፍ ተጫዋቾች ማኅበር አባልነት ለነጮች ብቻ የተፈቀደ መሆኑን በደንቡ ጻፈ። እንግዲህ ሁለት ካዲዎች በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ቢያድጉ፥ አንዱ ወደ ውድድር ሲወጣ ሌላው ቦርሳውን እንደያዘ ይቀራል ማለት ነው።

ከቀሩት አንዱ ቻርሊ ሲፎርድ ነበር። በ1922 በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ከተማ ተወለደ፤ ልጅ ሳለ ቦርሳ ተሸከመ፤ ጨዋታውንም ገና በወጣትነቱ ጠንቅቆ ዐወቀ። የደንቡ ዐንቀጽ የተሰረዘው ግን በኅዳር 1961 ነው፤ ሲፎርድ በዚያን ጊዜ 39 ዓመቱ ነበር። ጕልበቱ የጠነከረበት ዘመን በር ላይ ቆሞ አለፈ። ቢሆንም በ1967 በሃርትፎርድ፥ በ1969 በሎስ አንጀለስ ውድድሮችን አሸነፈ፤ በ2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ ሰጡት፤ በሚቀጥለው ዓመትም ዐረፈ።

በዚያው በ1967 ወደ ተራራችን ብንመለስ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። የአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ውድድር በካስኬድስ ተደርጎ ነበር። ያሸነፈችው ካትሪን ላኮስት የተባለች የ22 ዓመት ፈረንሳዊት ናት፤ አባቷ ስመ ጥሩው የቴኒስ ተጫዋች ሬኔ ላኮስት ነበሩ። ካትሪን የምትጫወተው ለሙያ ሳይሆን ለፍቅር ስለነበረ የሽልማቱን ገንዘብ አልወሰደችም። ከእርሷ በፊትም ሆነ በኋላ ሙያተኛ ሳይሆን ያንን ዋንጫ የወሰደ የለም። ያ ዐይን የሚያታልል ተራራ ማን እንደሚመታው አይጠይቅም፤ የሚጠይቁት ሰዎች ናቸው።

የስኒድ 82 ድል ደግሞ ለብዙ ዓመታት ማንም ሳይደርስበት ኖረ። በጥቅምት 2019 በጃፓን አገር በተደረገ ውድድር አንድ ሰው ደረሰበት፤ እርሱም ታይገር ዉድስ ነው። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፥ እናቱ የታይላንድ ተወላጅ ናቸው፤ ሲፎርድንም እንደ አያቱ ያየው ነበር። በ1934 ቢወለድ ኖሮ ከደጅ በተመለሰ ነበር። ሲፎርድና እንደርሱ ያሉት በራቸው ቢከፈት ኖሮ ስንት ጊዜ ያሸንፉ ነበር? የዚህ ቍጥር በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

ከመመለሳችን በፊት

ዛሬ የሆምስቴድን ሜዳ ዋጋውን የከፈለ ሁሉ፥ ነጭ ቢሆን ጥቁር፥ ሊጫወትበት ይችላል። በብዙ የአሜሪካ ሜዳዎች ግን የካዲውን ሥራ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ወስዶታል። መኪናው አይደክምም፤ ዳገቱን ይወጣል፤ ነገር ግን ከመቺው ኋላ ቆሞ አይማርም። ይህን ያሰቡ ሰዎች አሉ፤ ራሱ ካዲ የነበረውና በ1916 ሁለቱን የአሜሪካ ብሔራዊ ዋንጫዎች የወሰደው ቺክ ኤቫንስ ያሰበው የትምህርት ገንዘብ ከ1930 ጀምሮ ካዲዎችን በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቈይቷል፤ በሺህ የሚቈጠሩም ተመርቀዋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፤ ከዚያ ተራራ አንድ ቀን በእግርዎ ቢደርሱ፥ ከመጀመሪያው መነሻ ላይ ቆመው ኳሷን ከመምታትዎ በፊት ወደ ኋላ ዞር ይበሉ። ቦርሳዎን የያዘ ልጅ ካለ ስሙን ይጠይቁት። ወደየት መምታት እንዳለብዎም ይጠይቁት፤ ከእርስዎ ይበልጥ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ዱላውን አንድ ጊዜ ያቀብሉትና እርሱ ሲመታ ይመልከቱ።

እኔም ከሰኞ ጀምሮ በክፍሌ ውስጥ የማደርገው ይህንኑ ነው። በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ እስከ ዛሬ ያልጠየቅሁት አንድ ልጅ አለ። ባለፈው ሳምንት በጠረጴዛው ሥር ጫፉ የተቈለመመ እንጨት ሲልጥ አግኝቼው ተቈጥቼ ነጥቄዋለሁ። እመልስለታለሁ።